የእትዬ ፋንታዬ እስኪ

እትዬ ፋንታዬ አንድ ነገር ከያዙ አይለቁም። ሰው ሲመክራቸው በጸጥታ ይሰማሉ፣ «ልክ ነህ» ይላሉ፣ መጨረሻ ላይ የራሳቸውን ያደርጋሉ። ልጃቸው ሮማንም ይህንኑ ጠባይ ወርሳለችና፣ ሁለቱ በአንድ አፓርታማ ሲኖሩ ማን ለማን እንደሚሸነፍ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። በዚያ ሳምንት ግን ሮማን ያሸነፈች መስላ ነበር።

ነገሩን ያመጣው በረዶው ነው። ሮማን ካናል ዊንቸስተር በሚባል ከተማ የዕቃ መጋዘን፣ ዌርሃውስ ውስጥ፣ ስለምትሠራ ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች። የሦስት ዓመት ልጇን ሐምራዊትን ወደ ሕፃናት መዋያው፣ ዴይኬር፣ የሚያደርሷት አያቷ እትዬ ፋንታዬ ናቸው። ዴይኬሩ ከሞርስ ሮድ ጀርባ ነው፤ ለትልቅ ሰው ቅርብ፣ ለሕፃን እግር ሩቅ። ስለዚህ በጋሪ ይወስዷታል። ጋሪው ከብስክሌት ኋላ የሚጎተት፣ ሲፈልጉም በእጅ የሚገፋ ነው፤ በግራና በቀኝ ሁለት ትልልቅ ጎማ፣ ከፊት አንዲት ትንሽ ጎማ አለው። ብስክሌት በቤቱ የለም። ጋሪውንም ያገኙት አንድ ጎረቤት ቤት ሲለቅ ጥሎላቸው ሄዶ ነው።

በረዶው ወርዶ አልቀልጥ ሲል ጎማዎቹ መስጠም ጀመሩ። አንድ ጠዋት ጋሪው መሐል መንገድ ላይ ተተክሎ ቀረና እትዬ ፋንታዬ ልጅቷን አቅፈው፣ እየተንሸራተቱ፣ አርፍደው ደረሱ። ሮማን ይህን ስትሰማ ነገሩን ቆረጠችው።

«እማዬ፣ በቃ። ዴይኬሩ ቫን አለው። ከሰኞ ጀምሮ ፒክ አፕ ያደርጋታል፤ ሳይን አፕ አድርጌያለሁ።»

«በረዶው እስኪያልፍ ነው?»

«ለሁልጊዜ። አንቺም ትንሽ ታርፊያለሽ።»

እትዬ ፋንታዬ ማረፍ አልፈለጉም። የፈለጉት ያንን መንገድ ነው። ሐምራዊት ቤት ውስጥ አማርኛ አይወጣትም፤ በአማርኛ ብትጠየቅም በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው። ጋሪው ውስጥ ስትገባ ግን አፏ ይፈታል። ውሻ ባየች ቁጥር፣ አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር፣ «እማማ፣ የት ነው የሚሄደው? ለምን?» እያለች ዴይኬሩ በር ድረስ ትለፈልፋለች። ይህን ለሮማን ሲነግሯት «አንቺ ስለተመኘሽው ነው እንጂ እኔ አንድ ቃል ሰምቼ አላውቅም» ብላ ስቃባቸዋለች። ቫን ውስጥ ታዲያ ማን በአማርኛ ያናግራታል? ከልጅ ልጃቸው ጋር የሚግባቡባት አንዲት ሰዓት ልትወሰድባቸው ነው።

በዚያው ሰሞን በመስኮት ሲመለከቱ አንድ ፈረንጅ እንዲህ ያለውኑ ጋሪ ከጎማው ሥር ስኪ የሚባለውን ረጅም የበረዶ መንሸራተቻ አስሮለት ልጁን እየጎተተ ሲያልፍ አዩ። ዓይናቸው ሥር ሽው ብሎ አለፈ። ወዲያው ታች ቤት ለሚኖረው ለቢሩክ ስልክ መቱ። ቢሩክ ገና ከሥራ መውጣቱ ነበር፤ ከኋላው የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ጩኸት ይሰማል።

«ቢሩክ፣ እስኪ ግዛልኝ» አሉት። ምላሳቸው ከፊቱ «እ» ሳያስቀድም «ስኪ» ማለት አይሆንለትም።

«እሺ እትዬ፣ ምን ልግዛልዎ?»

«እስኪ!»

«እሺ እኮ፣ ይንገሩኝና እገዛለሁ።»

«እየነገርኩህ አይደለም እንዴ? እስኪ ነው የምልህ!»

ቢሩክ ሴትዮዋ ምን ነካቸው ብሎ አሰበ። «ለምን የሚሆን ነው እትዬ?»

«ለበረዶ ነዋ! ሁለት ይሁን። ረዘም ረዘም ያለ።»

«እንደሱ አይሉኝም ታዲያ!» አለና ስልኩን ዘጋ።

ማታ በሩን ሲያንኳኳ በእጁ ሁለት አዳዲስ የበረዶ አካፋ ይዟል፤ አፋቸው ሰፊ ፕላስቲክ፣ እጀታቸው ረጅም። እትዬ ፋንታዬ አካፋዎቹን አዩ፣ ቢሩክን አዩ። ነገሩ ሲገለጥ ቢሩክ ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ሰኞ እየመጣ ነው።

«ልመልሰውና ስኪ ልፈልግልዎ» አላቸው።

እትዬ ፋንታዬ አንዱን አካፋ ገልብጠው ሆዱን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ለስላሳ ነው። «ይኼስ አይንሸራተትም?» አሉ።

በማግስቱ ቢሩክ ድሪሉን ይዞ መጣ። እጀታዎቹን ነቅለው፣ የአካፋዎቹን አፍ በግራና በቀኝ በስተው፣ ትልልቆቹን ጎማዎች በላያቸው አቆሙና በዕቃ ማሰሪያ ቀበቶ ጠፈሯቸው። ጎማው እንዳይዞር የጋሪውን ፍሬን ያዙት። ትንሿን የፊት ጎማ አወጧት። በልጅቷ ፈንታ አንድ ከረጢት ሩዝ ጭነው ወደ ፓርኪንጉ ወጡ።

ቢሩክ ሲጎትት ጋሪው ትንሽ ሄደና ቆመ። አካፋዎቹን እንደ አካፋ፣ ስለታቸውን ወደ ፊት አድርገው ነበር ያሰሯቸው፤ አካፋም አካፋ ነውና ሥራውን ሠራ፣ በረዶውን ዝቆ ሞላ። አራገፉት። ደግሞ ዛቀ። በሦስተኛው እትዬ ፋንታዬ ትዕግሥታቸው አለቀና «የማትረባ!» ብለው ጋሪውን በንዴት ወደ ኋላ ጎተቱት። ጋሪው ሳያስቡት ተከትሏቸው መጣና ሊጥላቸው ምንም አልቀረው።

ሁለቱም ተያዩ። ከዚያ ቁጭ ብለው አካፋዎቹን አዞሩ፤ ወደ ላይ ቀና ያለው የኋላ ጫፋቸው ወደ ፊት ሆነ። የተነቀሉትን እጀታዎች ደግሞ ለመጎተቻ ከጋሪው ፊት አሰሯቸው። ሩዙ ፓርኪንጉን ሁለቴ ዞረ።

ዓርብ ሮማን ከሥራ ኦፍ ነበረች። ጋሪውን በር ላይ ስታየው ጮኸች። «ልጄን በአካፋ? እማዬ፣ አር ዩ ሲሪየስ?»

«ሞክረነዋል እኮ።»

«በሩዝ ነዋ የሞከራችሁት! ዛሬ እኔ ነኝ የምወስዳት። አንዴ ከተንገዳገደ እዚያው ጋርቤጅ ውስጥ ነው የምጥለው።»

እትዬ ፋንታዬ አብረው ሊወጡ ፈልገው ነበር። ነገር ግን በቤቱ ያለው የበረዶ ቡትስ አንድ ነው፤ እሱም ሮማን እግር ላይ ገባ። መስኮቱ ጋ ቆመው ልጃቸው የልጅ ልጃቸውን እየጎተተች ጥጉን እስክትዞር አዩ። ከዚያ በኋላ የሚያዩት ነገር አልነበረም። ጸለዩ። ቀጥለው ቢሩክ ቀበቶውን አላልቶት ይሆን ብለው ቢሩክን ረገሙ። ወዲያው ደግሞ ስለ እርግማኑ ፈጣሪን ይቅርታ ጠየቁ። ፈሩ፤ ቢገለበጥ ልጅቷ ምን ትሆናለች፣ ባይገለበጥስ ሮማን ሌላ ሰበብ አታጣም።

ሮማን ቆይታ ተመለሰች፤ ባዶውን ጋሪ እየጎተተች። ጉልበቷ በረዶ በበረዶ ሆኗል፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ተገለበጠ?» አሉ እትዬ ፋንታዬ።

«አልተገለበጠም። የተጠረገው መንገድ ጋ ትንሽ ተንጫጫ፤ ሌላው ላይ ይሄዳል።» ሮማን ሶፋው ላይ ተቀመጠች። «እማዬ፣ በረዶ የሚጠርገው መኪና መጣ። በእንግሊዝኛ ‹ተመልከቺ፣ ስኖው ፕላው› አልኳት። ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹እማዬ፣ እሱ ግሬደር ነው። እዚህ ጋሪ ውስጥ እንግሊዝኛ አይወራም።›»

እትዬ ፋንታዬ «ግሬደር» ማለትን አስተምረዋት ይሆናል እንጂ እንዲህ ያለ ሕግ አውጥተው አያውቁም። ሕጉን ያወጣችው ልጅቷ ራሷ ናት።

«ከዚያ በኋላ አፏ አልተዘጋም» አለች ሮማን። «ስለ ግሬደሩ፣ ስለ ወፎቹ፣ ስለ አንቺ። እንዲህ ታወራለች? ስትነግሪኝ እኮ የምትቀልጂ ነበር የሚመስለኝ። መንገድ ላይ ተንበርክኬ አለቀስኩ።»

እትዬ ፋንታዬ ሳምንቱን ሙሉ ያዘጋጁት ክርክር ነበራቸው፤ አሁን አላስፈለጋቸውም። ደስታው ከአቅማቸው በላይ ሆነና አጠገቧ ተቀመጡ።

ሮማን ስልኳን አውጥታ ለዴይኬሩ ኮል አደረገች። በእንግሊዝኛ ነው፤ ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ ትጠይቃለች፣ ሮማን ትመልሳለች፣ ቫን፣ ሰኞ፣ ኖ ታንክ ዩ። እትዬ ፋንታዬ ብዙው አልገባቸውም። መጨረሻ ላይ ብቻ፣ ሴትዮዋ ታዲያ ማን ሊያመጣት ነው ብላ ሳትጠይቅ አልቀረችም፣ ሮማን «ማይ ማዘር» ስትል ሰሙ።