የቆሻሻ ሰብሳቢው ጉዳይ

ኮምፒውተሩ እንደገና ደርቆ ቀረ። የመንደሩ ቤተ መጻሕፍት ጸሐፊ ራጋቫን የመጽሐፉን ስም ጽፈው ሳይጨርሱ እጃቸውን ከኪቦርዱ ላይ አነሡና ሰዓታቸውን አዩ።

«አስራ አንድ ሴኮንድ» አሉ፣ ስክሪኑ ነፍስ ሲዘራ። «ትናንት ዘጠኝ ነበር። እያደገ ነው፤ ይደግላችሁ።»

በክፍሉ ከተቀመጡት ሰባት ሰዎች ስድስቱ ሳቁ። ቫሳንቲ አልሳቀችም። ሰባቱ በደቡብ ሕንድ የትሪሹር ከተማ አካባቢ ልጆች፣ ከሌላ አገር በኢሜይል ከሚያግዟቸው ጥቂት ሰዎች ጋር ሆነው፣ ጃቫ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈና ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ስርዓተ ክወና፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ዋና ፕሮግራም፣ ሲሠሩ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። የሚከፍላቸው የለም። አንዱ ባንክ ይሠራል፣ አንዷ ፋርማሲ አላት፤ ቫሳንቲ ደግሞ የሂሳብ መምህርት ስትሆን እዚህ ያላት ድርሻ የአገራቸው ቋንቋ የማላያላም ፊደላት ስክሪን ላይ እንዳይጣመሙ መጠበቅ ነው። ይህን ሁሉ ድካም ከራሳቸው ሌላ የሚጠቀምበት ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ ራጋቫን። እሳቸውም ዛሬ የሚጨበጥ ነገር ካልሰሙ ማሽኑን ወደ ድሮው ስርዓት እንደሚመልሱት ተናግረዋል።

የችግሩ ምንጭ የታወቀ ነው። ፕሮግራሞች ተጠቅመው የጣሉትን ከኮምፒውተሩ ማህደረ ትውስታ ላይ እየለቀመ የሚያጸዳው ክፍል በሙያው ቋንቋ «ቆሻሻ ሰብሳቢ» ይባላል። የእነሱ ቆሻሻ ሰብሳቢ ሥራ ሲጀምር ሌላው ሁሉ ባለበት እንዲቆም ያዛል። ቫሳንቲም በሩ ላይ በለጠፈችው ማስታወቂያ «ስለ ቆሻሻ ሰብሳቢው ችግር ማንኛውም ሰው ሐሳብ ሊሰጥ ይችላል» ብላ ጽፋ ነበር።

አረንጓዴ ጋወን የለበሰች ሴት በሩ ላይ ቆመች። የመንደሩን ፕላስቲክ ከቤት ቤት እየዞረች የምትሰበስበው ታንካማኒ ናት።

«ማነው የከሰሰኝ?» አለች። «አንድ ቤት ዘልዬ አላውቅም። የዘለልኩት ካለ ፊት ለፊት ይናገር።»

ሰባቱም ባንድ ጊዜ ሊያስረዷት ተነሡ፤ ነገሩ ይበልጥ ከፋ። በመጨረሻ የስርዓቱን ግማሽ የጻፉት ኩሩቪላ፣ ከስልክ መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡት ሽማግሌ፣ እጃቸውን አነሡ።

«አንቺን አይደለም እህቴ። እዚህ ሳጥን ውስጥ ያለውን ነው።»

«ሳጥን ውስጥ ሰው አለ?»

«ፕሮግራም ነው። ሊያጸዳ ሲነሣ ሁሉንም ያስቆማል።»

«ሁሉንም?» ታንካማኒ ለስብሰባው ከቀረበው ሳህን የተጠበሰ ሙዝ አነሣችና ተቀመጠች። «እኔ ቆሻሻ ልሰብስብ ብዬ መንደሩን ባስቆም እስከ ቤቴ በድንጋይ ነበር የምሸኘው!»

«እና አንቺ እንዴት ነው የምትሠሪው፣ እትዬ?» አለች ቫሳንቲ።

«ምን እንዴት አለው? ሻይ ቤቱና ሱቆቹ ጠዋት አምጥተው ከሰዓት ይጥላሉ፤ እዚያ በየቀኑ ነኝ፣ ደቂቃም አልፈጅ። ማርያማ አሮጊቷ ጋ ግን በወር አንዴ። የእሷ ዕቃ ካረጀ አርጅቷል፣ አይጣልም። ሰው ወጡን እየሠራ እኔ በጓሮ ገብቼ እወጣለሁ።»

ኩሩቪላ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አዲሱን ቶሎ ቶሎ፣ የቆየውን አልፎ አልፎ» አሉ ቀስ ብለው። «ይሄ እኮ መጽሐፍ ላይ ከተጻፈ ዓመታት አልፎታል።»

«ታዲያ ለምን አልሠራችሁትም?» አሉ ራጋቫን።

«ከእሱ የሚሻል እያሰብን ነበር» አለ ባንክ የሚሠራው ጂጆ። «ሦስት ዓመታችን ነው።»

እውነቱን ነው። ስለዚያ «የሚሻል» ነገር የተጻጻፉት አራት መቶ ደብዳቤ ይሆናል፤ ቫሳንቲ ሁሉንም አንብባለች። ፊት ለፊት ተያይተው የማያውቁ ሰዎች ለአንዲት መስመር ኮድ ያን ያህል ሲጨነቁ፣ ሲሟገቱ፣ ተሳስቻለሁ ሲባባሉ ማየት ከማንኛውም ልብወለድ በላይ ያስደስታት ነበር። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማንም አልሠራውም።

«ሐሳብ ያነሣ ሰው ሥራውም የእሱ ነው፤ ደንባችን ነው» አለ ጂጆ። «እንግዲህ እትዬ ታንካማኒ...»

«ነገ ወንዝ ማዶ ነኝ፣ አልችልም» አለች ታንካማኒ፣ ሁለተኛውን ሙዝ እያነሣች።

ሳቁ አባርቶ ሲያበቃ ሁሉም እንደ ልማዳቸው ወደ ኩሩቪላ ዞሩ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከታከሙ ወዲህ ስክሪን ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ እንደማይቆዩ ቫሳንቲ ታውቃለች፤ እምቢ ማለት እንደማይሆንላቸውም ታውቃለች።

«ስምና ቀን ስጡኝ» አሉ ራጋቫን። «እስከዚያ እታገሣለሁ።»

«እስከ መከሩ በዓል፣ እስከ ኦናም» አለች ቫሳንቲ። «ስሙ የእኔ ነው።»

ጂጆ ቀና አለ። «አንቺ? አንቺ እኮ የፊደል ነሽ!»

«ነበርኩ።»

ወንበሯን ጎትታ ከኩሩቪላ አጠገብ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ዓይንዎን አያድክሙ። እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ እከፍተዋለሁ። መጀመሪያ የሚነካው የትኛው ፋይል ነው?»