ግራና ቀኝ የጠፋበት ድምፅ

አንሙት በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፑን ከፍቶ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሲያደርግ ጨዋታው ሌላ ሆኖ ጠበቀው። የተጋጣሚው ኮቴ ይሰማል፣ ቡጢው ይሰማል፣ ተመልካቹም ይጮኻል። ግን ሁሉም ከአንድ ቦታ ይመጣል፤ ግራ የለው፣ ቀኝ የለው።

ለሌላ ሰው ይህ እንከን አይባልም። ለአንሙት ግን ጨዋታው ማለት የድምፁ ግራና ቀኝ ነበር። በልጅነቱ ኩፍኝ ዓይኑን ከወሰደበት ወዲህ ዓለምን የሚይዛት በጆሮው ነው። ዲማ በቆሎ ተማሪነት የድጓ ዜማ ሲማር፣ ከተማሪው መሃል ዜማውን ያሳተው ማን እንደሆነ መምህሩ የሚጠይቁት እሱን ነበር። ደብረ ማርቆስ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ደግሞ ጓደኞቹ የሚጫወቱትን የካራቴ ጌም ዳር ቁጭ ብሎ ሲያዳምጥ ሰነበተና አንድ ቀን «እስቲ እኔም ልሞክረው» አለ። ሳቁበት። ኮቴው በግራ ሲመጣ ወደ ግራ፣ በቀኝ ሲመጣ ወደ ቀኝ እየመታ አንድ ሁለቱን ሲዘርር ግን ሳቁ ቆመ።

ከሰዓት በኋላ ጌም ቤት ውድድር አለበት። የቤቱ ድምፅ ከአንድ ትልቅ ስፒከር ብቻ ስለሚወጣ፣ በራሱ ላፕቶፕና በራሱ ማዳመጫ እንዲጫወት ባለቤቱ ፈቅዶለታል። እንግዲህ ላፕቶፑ የከዳው በዚህ ቀን ነው።

ገመዱን ነቅሎ ሰካው። ማዳመጫውን ቀየረ። ላፕቶፑን አጥፍቶ አበራው። ስክሪኑ ላይ ያለውን የሚያነብለት ፕሮግራም ያለችግር ያወራል፤ ጨዋታው ግን ያው ነው። ተነስቶ ከአልጋው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ አልጋው ተመላለሰ። አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቱ ሥራነሽ፣ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ ማልዳ ለቅሶ ሄዳ ቤቱ ውስጥ የሚያማክረው ሰው አልነበረም። በመጨረሻ የኮምፒውተር ተማሪ ለሆነው ለጓደኛው ለደመላሽ ደወለ።

ደመላሽ በባጃጅ ደረሰ። ማዳመጫውን አድርጎ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ ድምፁ ጥርት ብሎ እንደሚሰማ ተናገረ። አንሙት ጥራቱን እንዳልጠየቀው፣ ተጋጣሚው ሰውዬ በየት በኩል እንደሚመጣ ንገረኝ እንዳለው መለሰለት። ደመላሽ ደግሞ ሰውየው ስክሪኑ ላይ እየታየው፣ በጆሮ መለየት ለምን እንደሚያስፈልግ ለአፍታ ግር አለው። ከዚያ አፈረና ሥራውን ጀመረ።

መጀመሪያ የጨዋታውን ሴቲንግ አንድ በአንድ አየ። ቀጥሎ ድምፁን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ድራይቨር የሚሉትን፣ አጥፍቶ እንደገና ሊጭን ሲል ድምፅ የተባለ ሁሉ ጠፋ፤ የሚያነብለትም ፕሮግራም አብሮ ዝም አለ። አንሙት ጣቱን ቁልፎቹ ላይ አድርጎ ጠበቀ። እንዲህ ያለው ዝምታ ሁለተኛ መታወር ሆነበት። «መልሰው» አለ። «እንደነበረ እንኳ መልሰው።» ደመላሽ ላብ በላብ ሆኖ ከብዙ መከራ በኋላ መለሰው፤ ሆኖም ግራና ቀኙ እንደተቀላቀለ ነው። ውጭ ዝናብ ጀምሮ ቆርቆሮው ሲንኳኳ የአንሙት ልብ ይባስ ተረበሸ። ሰዓቱን በየደቂቃው ያስነብባል።

ሥራነሽ የገባችው ይህን ጊዜ ነው። ነጠላዋን እያራገፈች ምን እንደሆኑ ጠየቀች። ደመላሽ ነገራት። ወደ ጓዳ ገብታ ዕቃ ታነሳ ታስቀምጥ ጀመር። አንሙት ዕቃው ያለ ሥራ እንደሚንኳኳ ታወቀው፤ ግን ሐሳቡ ውድድሩ ላይ ነበርና አለፈው።

ደመላሽ በመጨረሻ ተስፋ ቆረጠ። ያለው መንገድ ኮምፒውተሩን ፎርማት አድርጎ ሁሉንም አዲስ መጫን እንደሆነ፣ ለውድድሩ ይድረስ አይድረስ ግን እንደማያውቅ ተናገረ። አንሙት «በል አድርገው» ሊል አፉን ሲከፍት እህቱ ከጓዳ ወጣች።

«ተው፣ አታጥፋው። የነካሁት እኔ ነኝ» አለች።

ሥራነሽ ዲግሪዋን በርቀት ትማራለች፤ ማታ ማታ በዚሁ ላፕቶፕ የትምህርት ቪዲዮ ታያለች። ቁጭ አለችና ሴቲንጉን ከፈተች። ለአካል ጉዳተኞች ከተዘጋጀው ክፍል ውስጥ የሁለቱን ጎን ድምፅ አንድ ላይ የሚያደርግ ማብሪያ ነበር፤ አጠፋችው። ትላንት ማታ አብርታው ስትተኛ ረስታዋለች። አንሙት ማዳመጫውን ነጠቀ። የተጋጣሚው ኮቴ ከግራ ተነስቶ በፊቱ አልፎ ወደ ቀኝ ሄደ። እፎይ አለ።

ደመላሽ የማዳመጫዋ አንዱ ጎን ተበላሽቶባት እንደሆነ፣ ሌላ ሊያመጣላት እንደሚችል ነገራት።

«ማዳመጫው ደህና ነው» አለች። «የማይሰማው ግራ ጆሮዬ ነው።»

አንሙት ማዳመጫውን አወለቀ። መንገድ ሲሄዱ ሁልጊዜ በቀኟ በኩል ለምን እንደምትይዘው፣ ሰው በግራዋ ቆሞ ሲጠራት ለምን እንደምትዘገይ ድንገት ተገለጠለት። ስትዘገይ ሐሳበኛ ናት ይል ነበር። አንገቷን ዞር አድርጋ ስትሰማ ዓይን ያለው ሰው ያይ ይሆናል፤ እሱ ግን በጆሮው የሚኮራ ሰው፣ የእህቱን ጆሮ አላወቀም።

«እታለም፣ ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«ልጅ ሆኜ ይመግል ነበር፤ ከዚያ መስማት ተወ። እማዬ በአንተ ያለቀሰችው ይበቃታል ብዬ ነው።»

ሰዓቱ ደርሶ ስለነበር ደመላሽ ላፕቶፑን በቦርሳ ያዘለትና ከአንሙት ጋር ወጡ።

አንሙት የመጀመሪያውን ግጥሚያ በቀላሉ አሸነፈ። በሁለተኛው አንድ የባንክ ሠራተኛ ገጠመውና ተሸነፈ። ኮቴው በደንብ ይሰማው ነበር፤ ልቡ ግን እቤት ቀርቶ፣ ሥራነሽ ክፍል ውስጥ ቆማ በግራዋ ያለ ሕፃን «ቲቸር» ሲላት ያስባል። ደመላሽ አይዞህ ሲለው ያሳሰበው ሽንፈቱ ሳይሆን የእህቱ ጆሮ እንደሆነ አስረዳው።

ሐኪም ቤት እንዲሄዱ ሥራነሽን ሲነዘንዛት ከርሞ እሺ አሰኛት። ሐኪሙ የጆሮዋ ታምቡር ከጥንት መቀደዱን ነገራት፤ ባሕር ዳር ሄዳ በቀዶ ሕክምና ብታስጠግነው መስማቷ በከፊል ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል አለ። ቀጠሮ አስያዘላት።

ከቀጠሮው በፊት እናታቸው ወይዘሮ ዘቢደር ዘንድ ደብረ ኤልያስ ወረዱ። አንሙት ሚኒባሱ ውስጥ እንዴት ብሎ እንደሚጀምር ሲያወጣ ሲያወርድ ነበር። ሲደርሱ ግን ሥራነሽ እኔው እነግራታለሁ ብላ ከእናቷ ጋር ገባች። እሱ ግቢው ውስጥ ቀረ። ከአጥሩ እስከ ደጁ በዱላው እየዳሰሰ ተመላለሰ፤ ለቅሶ ይጠብቃል፤ የሚሰማው ግን የሥራነሽ ዝግ ያለ ድምፅ ብቻ ነው። ከዚያ እሱም ተቋረጠ። መታገስ አቅቶት ወደ በሩ ተጠጋ።

«ቀጠሮሽ መቼ ነው?» አለች እናቱ በመጨረሻ።

ሥራነሽ ነገረቻት። ወይዘሮ ዘቢደር ከመደቡ ስትነሳ ተሰማው፤ ለባሕር ዳር ምን እንደምትለብስ ሳጥኗን ከፍታ ትፈልግ ጀመር።