የበሩ ትእዛዝ

ጎሚስታው ሚስቱን የመታት በጎማ መፈልቀቂያ ብረት ነበር። የግራ እጇን አንጓ ሰበረው። ፍርድ ቤቱ ከቤት አስወጣው፤ በሯ ድረስ እንዳይመጣም ከለከለው። ሲወጣ በጎረቤት ፊት፣ «እመለሳለሁ፤ ያኔ የምትሰፊው የራስሽን ቆዳ ነው» አላት። ብዙ ነውር ነበረበት፤ ዝቶ መቅረት ግን አያውቅም።

ሴትዮዋ ልብስ ሰፊ ነች። የሆቴልና የሆስፒታል የደንብ ልብስ ትሰፋለች። የስፌት መኪናዋ፣ የመቁረጫ ጠረጴዛዋና ካውያዋ ያሉት ከመንገድ በሚገባው ክፍል ውስጥ ነው። ቤቱን ጥላ ብትሄድ ሥራዋንም ጥላ መሄዷ ነው። ስለዚህ አልሄደችም። ቤቱ ራሱ እንዲጠብቃት ፈለገች።

ታናሽ ወንድሟ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። በሩን በኤሌክትሪክ ቁልፍ ለወጠላት፤ ከውስጥም ከውጭም የሚከፈተው በስልክ ነው። በየክፍሉ መብራት፣ ጣሪያው ሥር ሳይረን ገጠመ። መስኮቶቹ ድሮም የብረት ፍርግርግ አላቸው። የቀረው ይህን ሁሉ የሚያዝ ፕሮግራም ነበር፤ ሁለት ይዞ መጣ። «እትዬ፣ ሁለቱንም ሞክሪያቸው። አብረሻቸው የምትኖሪው አንቺ ነሽ» አላት።

አንደኛው ስልኳ ላይ ብቻ የሚሠራ ነው። መብራቱም ሥዕል፣ በሩም ሥዕል፤ ስትነካው ይታዘዛል። ሻይዋ ሳይቀዘቅዝ ለመደችው፤ «ጨዋው» አለችው።

ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ በተቀመጠች ትንሽ ሳጥን ውስጥ ነው። እሱ ሥዕል አያውቅም። ይህ ከሆነ ይህን አድርግ ተብሎ እያንዳንዱ ነገር ይጻፍለታል። መጀመሪያ ቀን ስፌት መኪናዋ ላይ በተቀመጠች ቁጥር ሰው የለም ብሎ መብራት አጠፋባት። በማግስቱ የካውያውን እንፋሎት ጭስ ብሎ ሳይረኑን ለቀቀው። ሲለካ የነበረው ደንበኛ በስፒል የተያያዘ ሱሪ እንደለበሰ እግሬ አውጪኝ አለ። ይኸኛውን «ጨቅጫቃው» አለችው።

«ከአንዱ ነዝናዛ ተገላገልኩ ስል ከሌላው ጋር ዳርከኝ» አለችው ወንድሟን።

ወንድሟ ሳቀ። ጥፋቱ የትእዛዙ እንጂ የሳጥኗ አይደለም አለ። ጨዋው የሚያውቀው ሠሪዎቹ ያሰቡለትን ብቻ ነው፤ ጨቅጫቃው ግን አንቺ ያሰብሽውን ያደርጋል አላት። እሷ ደግሞ የፈራ ሰው አያስብም ብላ ሞገተችው። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ስለዚህ አልተግባቡም።

ልብስ ሰፍታ በማንጠልጠያ ላይ አይታ አታስረክብም። ደንበኛው ለብሶ ይቀመጣል፣ ይጎነበሳል፣ እጁን ያነሳል። ሁለቱን ፕሮግራሞችም እንዲሁ ልታያቸው ፈለገች። ወንድሟን፣ «እሱን ሆነህ ና» አለችው።

እምቢ አለ። በጥፊ መታችው። አሁንም እምቢ አለ። ደገመችው፤ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደም ወጣ። ያኔ ዓይኑ ተለወጠ። ክንዷን ጠምዝዞ ከግድግዳው ጋር አላተማት። ስልኳ ወደቀ። ጣቷ ሳይረኑን ነክቶት ነበር፤ ጨዋው ግን «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ እየጠየቀ ወለሉ ላይ ተኝቶ ነበር። ወንድሟ ጫማውን ጥያቄው ላይ አሳረፈ። ሁለቱም እያለከለኩ ተያዩ።

«ጨዋው ይቅር» አለች።

ወንድሟ ከአሮጌ የስፌት መኪና የተረፈ ፔዳል ጠረጴዛው ሥር አስቀመጠላት። እጇ ቢያዝ እግሯ አለ፤ ብትወድቅም ክርኗ ይበቃል። ጨዋው እንዲህ ያለ ነገር አይቀበልም፤ የሚያውቀው ከራሱ ፋብሪካ የወጣውን ዕቃ ብቻ ነው። ጨቅጫቃው ግን ተቀበለው። ፔዳሉ ሲረገጥ መብራቱ ሁሉ ይበራል፣ ሳይረኑ ይጮኻል፣ ለወንድሟም መልእክት ይሄዳል። የበሩ ትእዛዝ ላይ ሲደርሱ ግን ተጣሉ። ወንድሟ በሩ ይቆለፍ አለ፤ ሰውየው እጅ ከፍንጅ ይያዝ።

«ይያዝ ይሩጥ ግዴለኝም» አለች። «እኔ ከሱ ጋር አልዘጋም። በሩ ወለል ብሎ ይከፈት።»

ወንድሟ ያበጠ ከንፈሩን እየዳሰሰ «እሺ» አለ። ጀርባውን ሰጥቷት ጻፈ። አላየችውም፤ አመነችው።

ጎሚስታው የመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው። ጨርቅ ያመጣው መልእክተኛ ወጥቶ በሩ ሳይገጥም ትከሻውን አስገባ። በሩን በጀርባው ዘጋና ስልኳን ከእጇ መንትፎ በተረከዙ አደቀቀው። ብረቱ በቀኝ እጁ ነበር።

«እስቲ ስፊ» አላት።

ደረቷን ገፍትሮ ጠረጴዛው ሥር ጣላት። ፔዳሉን በክርኗ ተጫነችው። ቤቱ በብርሃን ተጥለቀለቀ፤ ሳይረኑ ጮኸ። የጎሚስታው ሐሞት ፈሰሰ። ብረቱን ይዞ ወደ በሩ ሮጠ። ሊወጣ ነበር፤ አንድ እርምጃ ቀርቶት ነበር። በዚያች ቅጽበት ቁልፉ ቀጭ ሲል ሁለቱም ሰሙ።

እጀታውን ጎተተ። በትከሻው ደቃው። በሩ ንቅንቅ አላለም። ሲዞር ዓይኑ ደም ለብሶ ነበር፤ የፈራ ሰው ዓይን ነው፣ ከተናደደም የከፋ።

«ክፈቺው» አላት።

«መክፈቻው እግርህ ሥር ነው» አለችው። የስልኩ ስብርባሪ ጫማው ላይ ተጣብቆ ነበር።

አላመናትም። ብረቱን ትከሻዋ ላይ አሳረፈው፤ አጥንቱ ሲሰበር ከሳይረኑ በላይ ተሰማት። ክፈቺ አላት፣ ጆሮዋን መታት። ክፈቺ አላት፣ አፏን በርግጫ ብሎ ጥርስ አረገፈ። ውጭ ሰው ተሰብስቦ በሩን ይደበድባል፤ ቢገፉትም ቁልፉ አልበገር አለ። ጎሚስታው ፀጉሯን ጨምድዶ ቀና ሲያደርጋት እጇ የካውያውን ገመድ አገኘ። ጎተተችው። ካውያው ሲወርድ እጀታውን ያዘችና አንገቱ ላይ ለጠፈችው። ቆዳው ጨሰ። ጮኸ፣ ጎኗን ደበደባት፣ ጣቷን ነከሰ። አላነሳችውም። ብረቱ ከእጁ ወድቆ በጉልበቱ እስኪንበረከክ ድረስ አላነሳችውም።

ወንድሟ እየሮጠ ደርሶ በስልኩ ከፈተ። የወደቀውን ሰው ሲያይ ደሙ ፈላ፤ ሆዱን በርግጫ ይለው ጀመር። ጎረቤቶች ሊይዙት ተሯሯጡ። እሷ ግን አፏን የሞላውን ደም ተፋችና ጠየቀችው።

«በሩን ማን ቆለፈው?»

እግሩ አየር ላይ ቀረ።

«እንዲያዝልሽ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

 ፖሊስ ጎሚስታውን ይዞ ሄደ፤ እሷን ደግሞ ሐኪም ቤት ወሰዷት። ትከሻዋን ጠገኑት። የግራ ጆሮዋ ግን ዳግም አልሰማም።

ወደ ቤቷ ስትገባ ወንድሟ ሳጥኗን ነቅሎ ሊወስድ መሣሪያውን አሰናድቶ ጠበቃት። ጨዋውን እመልስልሻለሁ፣ ቀላል ነው፣ ማንም አይሳሳትበትም አላት። ከለከለችው። አጠገቧ አስቀምጣ አስተምረኝ አለችው።

አስተማራት። በአዲሱ ስልኳ ላይ በአንድ ጣት ጻፈች። ስትሳሳት አጠፋች፣ ደግማ ጻፈች። የበሩን ትእዛዝ ራሷ ለወጠችው፤ ከዚያ ፔዳሉን ረገጠች። ሳይረኑ ጮኸ፣ በሩም ወለል ብሎ ተከፈተ። አንድ መንገደኛ ቆሞ ወደ ውስጥ አየ። ይይ ብላ ተወችው።

ቀጥላ ቤቱን ማዘዝ የሚችለው ማን ማን እንደሆነ የት እንደሚታይ ጠየቀችው። አሳያት፤ እሷና እሱ ነበሩ። ሰው ከዝርዝሩ ለማውጣት የቱ ይነካል አለችው። ጣቱን ቀሰረላት። ነካችው።

«እኔን?» አለ።

«ሌላ ማን አለ?»

 መሣሪያውን አንድ በአንድ ወደ ቦርሳው ከተተ። ቦርሳው ከሞላ በኋላም እንደጎነበሰ ቆየ። እሷ ያበጠ ፊቷን ወደ መኪናዋ አዙራ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ትታገል ነበር፤ አንድ እጇ እምቢ አላት። ክሩን ሊይዝላት እጁን ዘረጋ፤ ተወችው፣ ያዘላት።

ሲወጣ፣ «እሑድ ና» አለችው። «ስትመጣ አንኳኳ።»