ቀዩ ኮከብና ሰማያዊው

ሃያ ሁለት ዓመት ፋብሪካው ውስጥ ብረት የሚግልበት እሳት ፊት ቆሜያለሁ። የብረት ሙቀት በዓይኔ እንጂ በመሣሪያ ለክቼ አላውቅም። ቢሆንም የእሳት ክፍሉ ካፖ፣ አለቃ ማለት ነው፣ በተሾመ ቁጥር ፈረንጁ ሹማችን ሙሴው «ወልደጻድቅ ጎበዝ ነው፣ ግን አራተኛ ክፍል ነው» እያለ ሁለቴ አለፈኝ። በ፲፱፻፶፪ ካፖው ጡረታ ሲወጣ ለአለቅነቱ የቀረነው እኔና ሰማታር ነን። ሙሴው ቅዳሜ እፈትናችኋለሁ አለን።

ሰማታር የመጋላ ሰፈር ልጅ ነው። በማታ ትምህርት ስምንተኛ ጨርሷል። ከዚራ ሰፈር ሙሴው ቤት ይገባል፣ ይወጣል። ሰውዬው ጣራው ላይ ኮከብ የሚያይበት ትልቅ መነጽር ተክሏል፤ የሚወለውልለት እሱ ነው። ለመጠርጠር ይኼ አይበቃም?

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ከባልደረባዬ ከዒልሚ ጋር ጥላ ሥር ተቀምጠን ሳለ ሰማታር መጣና፣

«ጋሽ ወልዴ፣ ኮከብ ሁሉ አንድ አይደለም እኮ» አለኝ።

ማን ጠየቀው?

«በቀለም ነው የሚለየው። ቀዩ ከሁሉ ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ ብርቱካንማ፣ ቢጫ እንደኛ ፀሐይ፣ ነጭ፣ መጨረሻ ሰማያዊ። ሰማያዊው ከሁሉ ይሞቃል። ሊቃውንቱ ሰባት ወገን አድርገው በፈረንጅ ፊደል ሰይመዋቸዋል፤ ከሰማያዊው ኦ ይጀምራል፣ ቀዩ ኤም ላይ ያልቃል።»

«ቀዩ ከቀዘቀዘ ምኑ ያበራል?» አለ ዒልሚ።

«ግዝፈቱ ነዋ! ከፀሐይ መቶ እጥፍ የሚሰፋ አለ።»

«ቀይ፣ ግዙፍ፣ ቀዝቃዛ? ወላሂ አማቴ ናት!»

እኔ አልሳቅሁም። ሐሙስ ደገመልኝ። ዓርብም «ሰማያዊውን እንዳትረሳ፣ ጋሽ» አለኝ። ቦታዬን የሚሻማኝ ሰው ምን ብሎ ያስተምረኛል? ነገር አለው።

ደግሞ ባሌስትራ፣ ሸክም የሚችለውን ተጣጣፊ ብረት፣ ስናጠነክር ቀለሙን አውቀዋለሁ። ዘይት ውስጥ የነከርነውን ብረት መልሰን ቀስ አድርገን ስናሞቀው፣ መጀመሪያ ገለባ ይመስላል፣ ቀጥሎ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ሰማያዊ። ቀይ እስኪሆን ገና ብዙ እሳት ይጠጣል። ሰማያዊ ይሞቃል የሚለኝ ሰው መሳቂያ ሊያደርገኝ ነው።

ቅዳሜ ሙሴው ባሌስትራ አስጠነከረን። የእኔ በለጠ፤ ራሱ መሰከረ። ቀጥሎ፣

«አንዲት ጥያቄ» አለ። «እሳት የሚጠብቅ ሰው ቀለም ማንበብ አለበት፣ መሬት ላይም ሰማይ ላይም። ቀይ ኮከብና ሰማያዊ ኮከብ፣ የቱ ይሞቃል?»

ደሜ ፈላ። ተማክረዋል! አንዱ ያስጠናኛል፣ ሌላው ይጠይቀኛል፣ እንደ በቀቀን ስደግመው ሊስቁብኝ። ሰማታር ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

«ቀዩ!» አልኩ። «ካላመኑ ባሌስትራውን ይዩት!»

ሙሴው ተሳስተሃል በሚል ራሱን ነቀነቀ። ሰማታር ተራው ሲደርስ አቀርቅሮ «ሰማያዊው» አለ። ተሾመ።

ወጥቼ ስሄድ ሰማታር በር ላይ ደረሰብኝ።

«ሦስት ቀን ሙሉ የነገርኩህ ለምን መሰለህ? የባሌስትራው ሰማያዊ ብረቱ ሲሞቅ ከላይ የሚይዘው ስስ ቆዳ ነው። ኮከቡ ግን ራሱ ግሎ ነው የሚያበራው።»

«ይጠይቃል ብለህ በቀጥታ አትነግረኝም ነበር?»

«ከቤቱ የሰማሁትን አወጣሁ ተብዬ ሁለታችንም እንድንባረር?»

«አንተስ ሹመቱ አስጠላህ?»

«ብረቱን የምታውቀው አንተ ነህ፣ ጋሽ።»

ጥዬው ሄድኩ።

ሰኞ ጠዋት ሰማታር የመጀመሪያውን ብረት ከእሳቱ አውጥቶ ወደ እኔ ዞረና፣ ሁሉም እየሰማ፣ «እሳቱ በቃው?» ብሎ ጠየቀኝ። በቅቶታል። ግን አለቃው እሱ ሆኖ ለምን እኔን ጠየቀኝ?