ጣቴን ስታዪ ንገሪኝ

በክሊኒኩ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ወረቀት ስለ ታናሽ ወንድሜ ያልጻፈው የለም። ባሕር ማዶ ተምሯል፣ የሞራ ግርዶሽ ይገፍፋል፣ የሕፃናት ዓይን ያያል፣ ከሁሉ በላይ ግን የግላኮማ ሐኪም ነው። ግላኮማን ለምን እንደመረጠ የምናውቀው እኛ ነን። አባታችን ሳያመው፣ ዓይኑም ሳይቀላ፣ እይታው ከዳር ከዳር እየተበላ ታወረ። በሽታው በዘር ስለሚሄድ ወንድሜ በየዓመቱ ያየኛል።

ዘንድሮ ግን ቀጠሮዬን አልጠበቅኩም። የልጅ ልጄን ይዤ መንገድ ስሻገር መኪና በጎኔ መጥቶ ቀሚሴን ታክኮ አለፈ። አላየሁትም። እንደ አባቴ ግድግዳ እየዳበስኩ ልኖር ነው ብዬ በቀጥታ ወደ ወንድሜ መጣሁ።

«ሾፌሩ ነው ዕብድ» አለ ወንድሜ። «ነይ ተቀመጪ፣ እታለም።»

ለሌላው በሽተኛ የእይታ ዳር የሚለካ ማሽን አለው። ለእኔ ሲሆን «ማሽን ለባዳ ነው» ይላል። ፊት ለፊት እንቀመጣለን፤ እኔ አንድ ዓይኔን እሸፍናለሁ፣ እሱ ትይዩውን ይጨፍናል፣ በቀሩት እንተያያለን። ከዚያ ጣቱን ከጎን ቀስ እያለ ያስገባል። እሱ ሲያየው እኔም ካየሁት ደህና ነኝ ማለት ነው። መለኪያው የራሱ ዓይን ነው።

«ጣቴን ስታዪ ንገሪኝ።»

«አየሁት።»

«እኔም አሁን አየሁት። እኩል ነን፤ ምንም የለብሽም።»

እፎይ አልኩ። «እንግዲያው ጥርሴንም በነፃ እይልኝ» ስለው ሳቀ።

«ዶክተር፣ ሻዩ በረደ እኮ።»

ሁለታችንም ደንግጠን ዞርን። ነርሷ ብርጭቆ ይዛ ከጎናችን ቆማለች፤ እጄን ብዘረጋ እነካታለሁ።

«አንቺ ልጅ፣ እንደ ሌባ ነው እንዴ የምትገቢው?» አልኳት ተቆጥቼ።

«ኧረ እማማ፣ ምርመራው ሳይጀመር ነው የገባሁት። ላለማቋረጥ ብዬ ዝም አልኩ። ጣታቸው እንኳ ሊነካኝ ነበር።»

ወንድሜ እጁን እንደገና ወደ ጎን ዘረጋና ዓይኑን ከፊቴ ሳይነቅል ቀስ አድርጎ መለሰው። እኔ ጣቱን በዓይኔ ተከተልኩት፤ ጆሮው ጋ ደረሰ፣ አለፈ፣ ጉንጩን አለፈ። አላየውም። «አየሁት» ያለው አፍንጫው ጋ ሲደርስ ነው፤ ቅድም እኔም ያየሁት እዚያው ነበር።

«አንተንስ ማን ነው የሚያይህ?» አልኩት።

እኔ በየዓመቱ ደህና ነሽ እየተባልኩ ወደ ቤቴ ስሄድ፣ የእኔም የእሱም እይታ አብሮ ሲጠብ ኖሯል።

«ማሽኑን አብሪው» አላት ነርሷን።

አበራችው። «ማንን ላስቀድም?» ብላ ጠየቀች፤ ሁለታችንም ከወንበራችን አልተነሳንም።