ከሻሹ ሥር

ሚጡ የምትሠራው መነጽር ቤት ውስጥ ነው። ሠላሳዎቹን ተሻግራለች፤ ግን የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነች ጎረቤቱም ባልደረቦቿም እስከዛሬ ሚጡ ነው የሚሏት። ደንበኛ የመረጠውን ፍሬም ፊቱ ላይ ታስተካክላለች። በትንሿ ብሎን መፍቻ የላላውን ታጠብቃለች፣ አፍንጫ ላይ የሚያርፉትን ጎማዎች ታቀራርባለች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ የፍሬሙ እግር ከጆሮ ጀርባ በደንብ መቀመጡን ታያለች። ቀኑን ሙሉ ሰው ፊት ጎንበስ ቀና ስትል ነው የምትውለው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንዲት አዛውንት አዲሱን መነጽራቸውን ሊወስዱ መጡ። ሚጡ አደረገችላቸውና ጎንበስ አለች።

"ይቆረቁርዎታል እማማ?"

"ኧረ ምንም! እንዴት ጥርት አድርጎ ያሳያል እባክሽ!" አሉ ሴትዮዋ፣ በደስታ ወዲያ ወዲህ እየተገላመጡ። ከዚያ ዓይናቸው እሷ አናት ላይ አረፈና ድምፃቸው ተለወጠ። "ውይ ልጄ! አናትሽን ምን አገኘው? ተመልጧል እኮ!"

ክፋት አልነበረባቸውም። ጆሯቸው ስለከበደ ግን ድምፃቸው ሱቁን ሞላው። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ቀና ቀና አሉ። ከጀርባ ሌንስ የሚቆርጠው ባልደረባዋ ማሽኑን አቆመ፤ ወይም ለእሷ ያቆመ መሰላት። የዚያ ቤት ግድግዳ ደግሞ መስታወት በመስታወት ነው፤ የትም ዞር ብትል የምታየው ራሷን ሆነ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

"ትንሽ አሞኝ ነበር" ብላ ዋሸች። ጎማውን እንኳ ሳታስተካክል መነጽሩን ማኅደሩ ውስጥ ከትታ አስረከበቻቸው።

ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። ፀጉሯን ለሁለት ስትከፍለው መሐል ለመሐል ያለው መስመር እየሰፋ መሄዱን ካየች ቆይታለች። ግንባሯ ላይ ያለው ስላልተነካ ግን ራሷን ስታታልል ነበር። መስታወት ፊት ሲቆሙ አናት አይታይም። ለካ እሷ ጎንበስ ባለች ቁጥር ሰው ሁሉ ሲያይባት ነው የከረመው።

ከዚያ ወዲያ መደበቅ ሌላ ሥራ ሆነባት። የደንበኛውን ወንበር ከፍ አስደረገች፣ ላለመጎንበስ። አናት ላይ የሚነሰነስ ጥቁር ዱቄት ገዛች። አንድ ሙቀት የበረታበት ቀን ዱቄቱ ከላቧ ጋር ወርዶ ጆሮ ግንዷ ላይ ጥቁር መስመር ሠራ። ሌንስ ቆራጩ ማሽኑን ትቶ ሶፍት አቀበላት። ቢስቅባት ይሻላት ነበር፤ ደግነቱ ይበልጥ አሸማቀቃትና ስንት ቀን ዓይኑን ማየት አቃታት።

ፀጉር ሠሪዋ በበኩሏ "እኔ እያለሁልሽ ምን ያስጨንቅሻል?" ብላ መጀመሪያ የሚለበልብ ቅባት ቀባቻት፤ ቀጥላ ሰው ሠራሽ ፀጉር ጥብቅ አድርጋ ሰፋችባት። ከመጥበቁ የተነሣ ቅንድቧ ሽቅብ ተሳበ። ቤት ስትገባ አባቷ ገና ከበር አይቷት "ምን አስደንግጦሽ ነው?" አላት።

አባቷ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ አናቱ ላይ ለምልክት አንዲት ፀጉር የለችም። በመላጣው የሚቀልደው ራሱ ነው። "ፊቴን ስታጠብ የት ላይ እንደማቆም ግራ ይገባኛል" ይላል፤ እንግዳ ሁሉ ይስቃል። ሚጡ ያን ቀን ቤት የነበሩት እንግዶች ሲስቁ አይታ፣ እሱን የሚያስወድደው ነገር እሷን ለምን አንገት እንደሚያስደፋት ሊገባት አልቻለም።

ስፌቱ ሲፈታ ከክሩ ጋር የጆሮ ግንዷ ፀጉር ተነቅሎ መጣ። የቆዳ ሐኪም ዘንድ የሄደችው ያኔ ነው።

ሐኪሟ በእድሜ እኩያዋ የምትሆን ሴት ናት። ፀጉሯን በጣቷ እየከፈለች በምታጎላ መሣሪያ አናቷን ስትመረምር ሚጡ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች።

"በዘር የሚመጣው ዓይነት ነው" አለች ሐኪሟ። "ፀጉር የሚበቅልባት ከረጢት በጊዜ ብዛት እየጠበበች ትሄዳለች። የምታበቅለውም እየሳሳ፣ እያጠረ ሄዶ መጨረሻ ላይ የሕፃን ልጅ ፀጉር ይመስላል።"

"የወንዶች ብቻ መስሎኝ ነበር።"

"ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል። ወንዶችን ብዙ ጊዜ ከግንባር ነው የሚጀምራቸው፤ ሴቶችን አናታቸው ላይ ያሳሳል። ሴቶቹ ስለሚሸፍኑት አይወራም እንጂ ሞልቷል።"

"ምን አጥፍቼ ነው ግን? ሻምፑው ይሆን?"

"ምንም አላጠፋሽም። ጆሮ ግንድሽ ላይ ያለውን ግን ስፌቱ ነው የነቀለው፤ እሱን እርግፍ አድርገሽ ተዪ። የሚለበልበውንም ቅባት እንደዚሁ።" የደም ምርመራ አዘዘችላት፤ የብረት ማነስና የእንቅርት ችግርም ፀጉር ስለሚያራግፉ እነሱ አለመኖራቸው መጣራት ነበረበት። "ሚኖክሲዲል የሚባል ጠብታ እጽፍልሻለሁ። በየቀኑ አናትሽ ላይ ትጠቀሚያለሽ። መጀመሪያ ሰሞን እንዲያውም ሊብስ ይችላል፤ ደንግጠሽ እንዳታቋርጪ። ለውጡን ለማየት ወራት ይፈጃል፤ ካቆምሽው ደግሞ ያተረፍሽውም ይሄዳል። እርግዝና ካሰብሽ አስቀድመሽ ንገሪኝ።" ከዚያ እስክሪብቶዋን አንሥታ ጠየቀቻት፦ "የእናትሽ ፀጉር እንዴት ነው?"

ሚጡ የምታስታውሰው ሻሽ ብቻ ነው። የእናቷን ፀጉር አይታው አታውቅም።

እናቷ ማጀት ውስጥም፣ እንግዳ ፊትም፣ አልጋዋ ላይም ሻሽ እንዳሰረች ናት። ሰው ሁሉ ጭምትነት አድርጎ ነው የሚቆጥርላት። ሚጡም እንደዚያው ነበር የምታስበው። ከክሊኒክ ወደ ቤት ስትመለስ ግን መንገዱን ሙሉ ሌላ ነገር ስታሰላስል መጣች፤ አውቃ ዝም አለችኝ፣ እያየችኝ ዝም አለችኝ እያለች።

ራት ላይ አባቷ የጠብታውን ጠርሙስ አየ።

"ይኼ ደግሞ የምንድነው?"

"የፀጉር።"

አባቷ ሳቁን ለቀቀው። "በቃ ወረስሽኝ በይ! የሰው ልጅ ቤትና መሬት ሲወርስ አንቺ መላጣ!"

ሌላ ጊዜ ቢሆን አብራው ትስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ደሟ ፈላ። "ከአንተ ብቻ መሰለህ? እስቲ ሻሿን ታውልቅና እንያት!"

ከአፏ ሲወጣ ነው የሰማችው። እናቷ ልትጨልፍ ያነሣችውን ጭልፋ ቀስ ብላ ድስቱ ላይ መለሰችው። እጇ ወደ ማጅራቷ ሄዶ የሻሹን ቋጠሮ ጨበጠ፣ የሚነጥቃት ያለ ይመስል። ከዚያ ተነሥታ መኝታ ቤት ገባችና በሩን ዘጋችው። አላስጮኸችውም።

አባቷ የጠብታውን ጠርሙስ ወደ ጎን ገፋው። "ምን ነካሽ አንቺ ልጅ?" አላት በሹክሹክታ። "እኔ ድሮ ነው የማውቀው። ስንት ዓመት ሙሉ እንደማያውቅ ሆኜ የኖርኩት፣ እንደዚያ ይሻላታል ብዬ ነበር።"

ሚጡ የምትገባበት ጠፋት። ሱቅ የመጡት አዛውንት አናቷን አይተው የጮኹት ሳያስቡት ነው። እሷ ግን የት ላይ እንደሚያም አሳምራ እያወቀች፣ እዚያው ላይ ነው እናቷን የመታቻት። በመላጣዋ ካፈረችው ይልቅ በዚህ ያፈረችው በለጠ። በመኝታ ቤቱ በር ደጋግማ አለፈች፤ ለማንኳኳት ግን ድፍረት አጣች።

ከዚያ በኋላ እናቷ አላኮረፈችም፤ ብታኮርፍ ይቀል ነበር። "ምሳሽ ተከድኗል"፣ "ልብስሽ ደርቋል" ትላታለች፤ ዓይኗን ግን አታያትም። በእናትና በአባቷ መካከልም ቀልዱ ጠፋ። ሁለቱ ሳሎን ሲቀመጡ ትናንት የተዋወቁ ይመስላሉ።

አንድ እሑድ ከሰዓት ሚጡ መስታወት ፊት ጠብታውን ስትታገል እናቷ የታጠፈ ልብስ ይዛ ገባች። አናቷ አልታይ ብሏት ጠብታው ግንባሯ ላይ እየወረደ ነበር። እናቷ ጥቂት ቆማ አየቻት። ልብሱን አልጋው ላይ አስቀምጣ ጠብታውን ከእጇ ወሰደች።

"ቁጭ በይ።"

ፀጉሯን ከፈለችላት። ጣቶቿ የሳሳው ቦታ የት እንደሆነ ሳይፈልጉ አገኙት።

"እኔን ታላቅሽን እንደወለድኩ ነው የጀመረኝ" አለች እናቷ ከኋላዋ ሆና። "የአባትሽ እህቶች አዩብኝና ተጠቃቀሱ። እስኪያገግም ብዬ ሻሽ አሰርኩ። ዛሬ አወልቃለሁ ነገ አወልቃለሁ ስል አረጀሁ።" ጠብታውን በጣቷ ዳበስ ዳበስ አደረገችው። "አንቺን ስወልድ ገና ሲሰጡኝ የዳበስኩት ራስሽን ነው። በዚህ እንኳ እኔን እንዳትመስዪብኝ ብዬ። ሲጀምርሽ ደግሞ አየሁ፤ ከተናገርኩ የራሴንም ልናገር ነው። አፌን ያዘኝ።"

"ከሁለታችሁም ነው እማ። ዶክተሯ ነግራኛለች፣ ማንም መርጦ አያወርስም።" መስታወቱ ውስጥ የእናቷን ዓይን ፈለገች። "የዚያን ቀኑን ይቅር በይኝ።"

እናቷ አገጯን በእጇ ደገፍ አደረገች። "ቀና በይ፣ ዓይንሽ ውስጥ ይገባል" አለቻት ብቻ።

ከዚያ ወዲህ ጠብታውን የምታደርግላት እናቷ ሆነች። መጀመሪያ ሰሞን፣ ሐኪሟ እንዳለችው፣ ትራሷ ላይ የሚቀረው በዛ፤ ሚጡ አለቀሰች፣ ግን አላቋረጠችም። ፀጉሯን አጠር አድርጋ አስቆረጠችው። ወራት አልፈው ሐኪሟ የበፊቱንና የአሁኑን ፎቶ ጎን ለጎን ስታሳያት መስመሩ ጠበብ ብሏል። እንደ ድሮው አልሆነም፤ አይሆንምም። ሱቅ ውስጥ አሁን ትጎነበሳለች፤ አዲስ ደንበኛ ቀና ብሎ ሲያያት ግን ማጅራቷ ዛሬም ይግላል።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ጠዋት እናቷን ቦርሳዋን ይዛ በር ላይ ቆማ አገኘቻት። "እኔም ልታይ" አለች። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ነርሷ ስትጠራቸው ሚጡ አብራ ተነሣች።

"አንቺ እዚሁ ሁኚ" አለቻት እናቷ።

ሚጡ ተመልሳ ተቀመጠች። በሩ ተዘጋ። የሐኪሟ ድምፅ ዝቅ ብሎ ይሰማል፤ የእናቷ አይሰማም። ያን ራት ሰዓት በግድ ልታየው የፈለገችውን ነገር አሁን አንዲት የማታውቃት ሴት እያየችው ነው፤ እሷ ደግሞ የምታየው የተዘጋ በር ነው። እንደሚገባት ታውቃለች።

እናቷ ስትወጣ ሻሿ ከበፊቱ ጠበቅ ብሎ ታስሯል። የመድኃኒቱን ወረቀት አጥፋ ቦርሳዋ ሥር ሸጎጠችው። ደረጃውን ጨርሰው መንገድ ወጡ።

"ለአባትሽ" አለች እናቷ፣ ፊት ፊቷን እያየች፣ "ይኼኛውን እኔው ነኝ የምነግረው።"

"እሺ እማ" አለች ሚጡ። አንገቷን ደፍታ ከኋላዋ ተከተለች።