የአናጺው ልጅና ጥቁር ሰሌዳው

ብዋሽ ምላሴ እንደ አሮጌ ጫማ ሶል ይድረቅ፤ ነገሩ እንዲህ ነው የሆነው።

የአናጺው ልጅ ቀጭን ናት፤ ግን በመቷት ቁጥር ትጠብቃለች። ስለዚህ ሰፈሩ «ምስማር» ይላታል። ምኞቷ ድልድይ መሥራት ነበር። ችግሩ፣ የሒሳብ መምህሩ ተማሪ የሚያስቀምጠው በአባት ኪስ ነው፤ የነጋዴና የሹም ልጅ ፊት፣ የዘበኛና የአናጺ ልጅ ኋላ። ክፍሉ ደግሞ እንደ ባቡር የረዘመ ነው፤ ከኋላ ሆኖ ሰሌዳ ማየት ጨረቃ ላይ የተጻፈ እንደ ማንበብ ነው።

«ቲቸር፣ አይታየኝም፤ ወደ ፊት ልምጣ?»

«ለአናጺ ልጅ መጋዝ ይበቃታል፤ ሰሌዳ ምን ያደርግልሻል? አርፈሽ ተቀመጪ!»

ፊት ያሉት ሳቁ። መምህሩ ይባስ ብሎ፣ ማንም ቦታ እንዳይለውጥ አግዳሚ ወንበሮቹን ከወለሉ ጋር በብሎን አሳሰራቸው። ያሰረው ማን ነው? የገዛ አባቷ! ምን ያድርግ፣ የሆድ ነገር። ያን ቀን ራት ላይ ምስማር ቀና ብላ አላየችውም፤ እሱም እንጀራውን ሳይጨርስ ተነሣ።

እሑድ ረፋዱ ላይ ምስማር የትምህርት ቤቱን አጥር ዘለለች። የመጋዘን በር የሚያህለውን ሰሌዳ ነቅላ ብቻዋን በአናቷ ተሸከመችና ከኋላው ግድግዳ ላይ ቸነከረችው።

ሰኞ መምህሩ ጠመኔውን አነሣ፤ ባዶ ግድግዳ! ዞር ቢል ተማሪው ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶታል። የሹሙ ልጅ ከሁሉ ኋላ ቀርቶ አንገቱን እንደ ሰጎን ያሰግጋል።

«ቲቸር፣ አይታየኝም!»

«ማነው ይህን የሠራ?»

ምስማር ተነሣች። «እኔ ነኝ። ቦታ መለወጥ ክልክል ነው ብለዋል፤ እኔ ቦታዬን አልለወጥኩም።»

አባት ተጠራ። «አሁኑኑ ንቀልልኝ!» አለው መምህሩ። «አለዚያ እዚህ ግቢ ሥራ የለህም።»

አናጺው ሰሌዳውን በጣቱ አንኳኳ፤ ልጁን አየት አደረገና መዶሻውን መሬት አስቀመጠ። «ወንበሩን ሳስር አፍሬያለሁ። ይህን ግን አልነቅልም፤ ሌላ አናጺ ይፈልጉ።»

ተፈለገ። የመጡት ሁሉ ግን እያዩ ተመለሱ፤ የእነሱም ልጆች ኋላ ነበሩና።

መምህሩ ጠመኔውን ይዞ ያን ሁሉ ርዝመት እየተጎተተ ወደ ኋላ ሄደ። ምስማር ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ትጠብቀዋለች።

«በርቱ ቲቸር፤ አሁን ይታየኛል።»

እንግዲህ ምላሴ መድረቅ ጀምሯል፤ አንዷን ውሸት ልናዘዝ። ሰሌዳውን ብቻዋን ተሸከመች ያልኩት ከራሴ ነው። አንዱን ጫፍ የያዘው አባቷ ነበር።